ስለ ጥቁሩ ሰም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በኩታበርና በሐይቅ ጫጩት ለምታሳድጉ ደንበኞቻችን ሁሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሰም የተሞላ ቆርቆሮ ያለበት የጫጩት ማሞቂያ ሣጥናችን ከ1,800 ብር ወደ 3,100 ብር መግባቱን በራችን ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ማንበባችሁ አግባብ አልነበረም። ቀድመን ልንነግራችሁ ይገባን ነበር። ይቅርታ።

ሰሙ ከነጭ ወደ ጥቁር ስለተለወጠ የተነሣውን «ሰሙን በከሰል በረዙብን» የሚለውን ወሬ ግን ሰምቼ እንዳልሰማሁ መሆን አልቻልኩም። እናቴ ያሳደገችኝ ጧፍ እየሠራች ነው፤ እኔም ትዳር የያዝኩት ሻማ ሠርቼ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወርክሾፑ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሲቀረኝ፣ ሣጥኑን ሳታዩ ቀብድ ከፍላችሁ ያቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሰም መበረዝ በእናቴ ቤት ነውር ነበር፤ በእኔም ቤት ነውር ነው።

አንድ ኪሎ ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 42 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። የቀለጠ አንድ ኪሎ ፓራፊን፣ ማለትም የሻማ ሰም፣ ሲረጋ ግን 200 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰም ቀን መብራት ሲኖር ይቀልጣል፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ እየረጋ ያሞቃል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የደሴን ሌሊት ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የቀድሞው ነጭ ሰም ችግር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ደካማ መሆኑ ነው። ባለፈው ጥር ገና ሳይነጋ ቦሩ ሜዳ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ታፍነዋል። ቆርቆሮውን አውጥቼ በቢላዋ ስከፍተው ዳር ዳሩ ረግቶ ነጥቷል፤ መሐሉ ገና ፈሳሽ ነው፣ ጣቴን ብነክርበት ይሞቃል። የረጋው ሰም ሙቀቱን እንደ ጋቢ ጠቅልሎ ይዞታል። «ልጄ፣ ሙቀቱ እዚህ ተቀምጦ ነው ጫጩቶቼ በብርድ ያለቁት?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ነጩን ሰም መሸጥም ሆነ አሮጌ ቆርቆሮ መሙላት ያቆምኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ በእርሳስ ውስጥ ያለው ማለት ነው። በአሲድ ተነክሮ በኃይለኛ ሙቀት ሲመታ እንደ ፈንዲሻ ይፈካል። የሻማ ክር የቀለጠ ሰም እንደሚስብ ሁሉ፣ ቀዳዳዎቹ ሰሙን ስበው ይይዙታል፤ ስለዚህ ቢቀልጥም አይንጠባጠብም። ሙቀቱንም ከመሐል ወደ ዳር ያደርሰዋል። ከ100 እጁ 10 ያህሉ ግራፋይት ስለሆነና ስለማይቀልጥ፣ የሚያከማቸው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን አልደብቃችሁም። ነገር ግን ጫጩቱ ጋ የማይደርስ ሙቀት ቢበዛ ምን ይጠቅማል?

«በርካሹ የአፋር ጨው ለምን አትሠሩትም?» ያላችሁኝም አላችሁ። ከባቲ ገበያ የምንገዛው ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። በ32 ዲግሪ የሚቀልጠው ሌላ ዓይነት ጨው ነው፤ ውሃ ያዘለ ሶዲየም ሰልፌት ይባላል። በ1948 እ.ኤ.አ. ማሪያ ቴልከሽ የተባለች ሳይንቲስት አሜሪካ ውስጥ ዶቨር በሚባል ስፍራ አንድ ቤት በእሱ አሙቃበት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጨውና ውሃው እየተለያየ አልሠራም አለ። እኔም በጣሳ ሞክሬው ከታች ሲዘቅጥ አይቻለሁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ፓራፊኑም ግራፋይቱም የሚመጣው ከውጭ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ ጭማሪውን ከራሴ ኪስ ስሸፍን ቆይቻለሁ። ከዚህ በላይ ብገፋበት አብረውኝ የሚሠሩትን ሁለት ልጆች ማሰናበቴ ነው።

ቀብድ የከፈላችሁ በ1,800 ብር ትረከባላችሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። አሮጌ ቆርቆሮ ያላችሁ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብታመጡት 600 ብር ይታሰብላችኋል። ቅር ያላችሁም ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት እባካችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ጥቁሩን ሰም ፊታችሁ ቆርጬ በጋለ ብረት ላይ አስቀምጬ አሳያችኋለሁ። ቆርቆሮውን ግን ቤታችሁ አትክፈቱት፤ ሰሙ እሳት አጠገብ ይቀጣጠላል። እንዳለ አምጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ባለቤት፣ ደሴ