የሙዚቃና ድምፅ ቀረፃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሚክስን ለማስተሪንግ ማዘጋጀት

የትምህርት ቤታችን የሙዚቃና ድምፅ ቀረፃ ክበብ ዘንድሮ የያዘው ዋና ሥራ አንድ ነው፤ አባላቱ ራሳቸው የቀረጿቸውን የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የሐረሪ ዘፈኖች ሚክስ (ለየብቻ የተቀረፁ ድምፆችን አመጣጥኖ ማዋሃድ) አጠናቅቀው ለማስተሪንግ ባለሙያ ማስረከብ። ቀደም ሲል የክበቡ ሥራ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ሞንታርቦ ተሰምቶ እዚያው ያበቃ ነበር። ለዚያ ሻካራ ሚክስም ይበቃል። በስልክ፣ በባጃጅና በቤት ስፒከር ተደጋግሞ ለሚደመጥ ሥራ ግን አይበቃም። ይህ ዘገባ የሠራንበትን አካሄድ ያስቀምጣል፤ በመጪው ዓመት ክበቡን ለሚቀላቀሉም፣ ድሬዳዋ ውስጥ ቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ ለሚያቀናብሩ ተማሪዎችም እንዲያገለግል ነው የተጻፈው።

ማስተሪንግ ከሚክስ ቀጥሎ የሚመጣ፣ የዘፈኑን ጠቅላላ ድምፅና ከፍታ ለአድማጭ የሚያስተካክል የመጨረሻ ሥራ ነው። ባለሙያው እጅ የሚደርሰው ግራና ቀኝ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ክራሩ፣ ከበሮውና ድምፃዊቷ ተዋህደዋል። ክራሩ ጆሮ ወጋ ተብሎ 3 ኪሎ ኸርዝ (ኸርዝ የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) አካባቢ ቢቀነስ የድምፃዊቷ ቃላት አብረው ይደበዝዛሉ። ከበሮው አነሰ ተብሎ ከታች ቢጨመር ቤዝ ጊታሩም አብሮ ይነሳል። «ማስተሪንጉ ያስተካክለዋል» የሚለው አነጋገር በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይህን እምነት ለማስተው ነው ያዋልናቸው። ሚክስ ላይ አንድ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሻ) በማንቀሳቀስ የሚታረም ጉድለት ማስተሪንግ ላይ ሲደርስ ወይ አይታረምም፣ ወይ ሌላ ነገር አበላሽቶ ይታረማል።

ስለ ቀረፃው በአጭሩ። የምንቀርፅበት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይንጣጣል፣ ያለ ቬንትሌተርም አያስቀምጥም። ቬንትሌተሩ ደግሞ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀረፃ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ብቻ ሆነ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ያ 50 ኸርዝ የመብራት ድምፅና ብዜቶቹ ናቸው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረፅ ቀላሉ መፍትሔ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ማስተሪንግ ዘፈኑን በ6 ወይም በ8 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ሲያደርገው ከሥር ያለው ጫጫታም በዚያው ልክ ስለሚነሳ ነው። ሚክስ ላይ ያልተሰማ ቬንትሌተር ከማስተሪንግ በኋላ ጎልቶ ይወጣል። ድምፃዊው ዝም ባለባቸው ቦታዎች ትራኩ (የእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ የቀረፃ መስመር) ተቆርጦ፣ ጫፎቹ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ በሚሆን ፌድ ይለሰልሳሉ፤ አለዚያ የተቆረጠበት ቦታ «ጠቅ» ይላል።

ወደ ድምፅ መጠን እንምጣ። በቀረፃ ጊዜ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ዲጂታል ሜትር ላይ ከፍተኛው ወሰን) በታች 12 ወይም 10 ዴሲቤል አካባቢ፣ በተጠናቀቀው ሚክስ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 3 ዴሲቤል እንዲሆን ሠርተናል። አባላቱ ደጋግመው የጠየቁት «ቦታ ትተን ጥራት አናጣም ወይ?» የሚለውን ነው። አናጣም። በ24 ቢት ፋይል እያንዳንዱ ቢት (ድምፁ የሚጻፍበት ዲጂታል አሃዝ) ወደ 6 ዴሲቤል ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ 6 ዴሲቤል ክፍት መተው ከ24 ቢት አንዱን እንደ መተው ነው፣ በጆሮም አይታወቅም። በሌላ በኩል ይህ ቁጥር ሕግ አይደለም። ጫፉ በ2 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ የሚያርፍ ንጹሕ ሚክስ፣ 6 ዴሲቤል ክፍት ተትቶለት ግን በሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ጫፎቹን የሚጨፈልቅ መሣሪያ) ከተጨፈለቀ ሚክስ እጅግ ይሻላል።

ሚክሱ ቀይ መብራት ሲነካ ብዙዎች ማስተር ፌደሩን፣ ማለትም ሁሉም ትራኮች ተደምረው የሚያልፉበትን፣ ዝቅ ያደርጋሉ። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማስተሩ ላይ ያለው ኮምፕረሰር (የጮኸውን ድምፅ የሚያወርድ) ወይም ኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን የሚቀንስና የሚጨምር) ከፌደሩ በፊት ስለሚገኝ፣ ፌደሩ ቢወርድም ለእነሱ የሚደርሰው ድምፅ ያው የበዛው ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁሉንም ትራኮች አንድ ላይ መርጦ በእኩል መቀነስ ነው። ሚዛኑ እንዳለ ይቆያል፤ ማስተሩ ግን ይተነፍሳል።

በዓመቱ ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደው ጭብጨባ ነው። የአካባቢያችን ዘፈኖች ብዙዎቹ በጭብጨባ ይታጀባሉ፤ ጭብጨባ ደግሞ በጣም አጭር፣ በጣም ስለታም ድምፅ ነው። በሜትር ላይ ከድምፃዊቷ በብዙ ዴሲቤል በላይ ይዘላል፣ ለጆሮ ግን ያን ያህል ጮሆ አይሰማም። ውጤቱን በአንድ ዘፈን ላይ ሠርተን አሳየን። የሚክሱ ጫፍ በሙሉ የጭብጨባው ነበር። ለሙከራ ሊሚተር ሲደረግበት በእያንዳንዱ ጭብጨባ ሊሚተሩ ጠቅላላውን ድምፅ ወደ ታች ሳበ፤ ድምፃዊቷ ጭብጨባው በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ ወዲያው ትመለሳለች። ዘፈኑ የሚያለከልክ መሰለ። መፍትሔው ጭብጨባውን በራሱ ትራክ ላይ ማስተናገድ ነው፤ አታኩ (ሥራ ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ) 1 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ፈጣን ኮምፕረሰር ጫፎቹን ከ4 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲያወርድ፣ ከዚያም ትንሽ ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት)። ይህ ከተደረገ በኋላ ጭብጨባው በጆሮ እንደነበረ ነው፣ የጠቅላላው ሚክስ ጫፍ ግን ወርዷል። ባለሙያው ዘፈኑን ሳያስጨንቅ ከፍ ሊያደርገው የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሊሚተር ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ተማሪዎቹ ማስተሩ ላይ ሊሚተር አድርገው ሚክስ ማድረግ ይወዳሉ፤ ድምፁ ስለሚያጓራ ያለቀለት ይመስላቸዋል። ለባለሙያ በሚላከው ፋይል ላይ ግን ሊሚተርና ማክሲማይዘር (ድምፅ ማጮኺያ) ይነሳሉ፤ የተጨፈለቀ ጫፍ ተመልሶ አይቃናም። ማስተሩ ላይ 1 ወይም 2 ዴሲቤል የሚይዝ ኮምፕረሰር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚክሱ ጠባይ አካል ከሆነ ይቆይ፤ ሚዛኑ የተሠራው በእሱ ውስጥ እየተሰማ ስለሆነ ሲነሳ ሚክሱ ይናጋል። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱንም መላክ ነው፣ አንዱን ከነኮምፕረሰሩ፣ አንዱን ያለ እሱ። በጩኸት መሽቀዳደሙም ትርፍ የለውም። ስፖቲፋይ መደበኛ መልሶ ማጫወቻውን ከዜሮ በታች 14 ሉፍስ (ለጆሮ የሚሰማው አማካይ ጩኸት መለኪያ) ላይ ያስተካክላል፤ ዩቲዩብም ከዚያ አካባቢ በላይ የጮኸውን ይቀንሳል። ተጨፍልቆ የጮኸ ዘፈን እዚያ ሲደርስ ዝቅ ይደረግና መጨፍለቁ ብቻ ይቀርለታል።

ከታች በኩል ከበሮና ቤዝ ጊታር ይጋጫሉ። ከ100 ኸርዝ በታች ሁለቱም እኩል ከተለቀቁ ወፍራም ድፍርስ ድምፅ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘፈን ከሥር የሚይዘው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰናል። ከበሮው ከያዘ ቤዙ ላይ ከ60 እስከ 80 ኸርዝ ጥቂት ዴሲቤል ይቀነሳል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ድምፃዊ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለው በሃይፓስ ይቆረጣል፤ እዚያ ያለው የእግር ኮቴና የማይክ መቆሚያ ንዝረት እንጂ ሙዚቃ አይደለም። የ«ሰ»ና የ«ሸ» ፉጨትም ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ መሀል በዲኤሰር፣ በድምፃዊው ትራክ ላይ ብቻ ይገራል። ማስተሪንግ ከላይ ያለውን ድምፅ ሲያበራው ያልተገራ «ሸ» ጆሮ ይቆርጣል።

ሞኖ ምርመራ፣ ማለትም ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደምሮ ማድመጥ፣ ለማንም የማንተወው ግዴታ ሆኗል። የትምህርት ቤታችን ሞንታርቦ አንድ ነው፣ ብዙ ስልኮችም ባለ አንድ ስፒከር ናቸው። አንድ ከበሮ በሁለት ማይክ ሲቀረፅ አንዱ ማይክ በ35 ሳንቲሜትር ከራቀ፣ በእኛ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ሁለቱ ሲደመሩ 500 ኸርዝ አካባቢ ይጠፋፋሉ፤ ከበሮው ባዶ ጣሳ ይመስላል። የዘገየውን ትራክ በ1 ሚሊ ሰከንድ ቀደም እንዲል መሳብ፣ ካልሆነም አንዱን ማይክ መተው ያድናል። ክራርን «ሰፊ» ለማድረግ የሚጨመሩ ፕላግኢኖችም (በፕሮግራሙ ላይ የሚጫኑ የድምፅ ማስተካከያዎች) እንዲሁ ናቸው፤ በሄድፎን ግሩም ይመስላሉ፣ በሞኖ ግን ክራሩ ግማሽ በግማሽ ይጠፋል። ማስተሩን ሞኖ አድርጎ ድምፃዊ፣ ቤዝና የክራሩ ዜማ እንዳሉ ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከታወቀ ዘፈን ጋር ማወዳደርም ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን መጠኑ ሳይስተካከል አይሆንም። ማስተር የተደረገ ዘፈን ከእኛ ሚክስ በብዙ ዴሲቤል ይጮኻል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ የጮኸውን ሁልጊዜ የተሻለ ነው ይላል። የማወዳደሪያው ዘፈን ከሚክሱ ጋር እኩል እስኪሰማ ድረስ ዝቅ ይደረጋል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝን አሳንሶ ይሰማል፤ ስለዚህ በለሆሳስ ብቻ ሚክስ ያደረገ ሰው ቤዝ ያበዛል። መጠኑን አንድ ቦታ ላይ አስሮ መሥራት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ዝቅና ከፍ አድርጎ መፈተሽ ይመረጣል።

አሁን ፋይሉን ማውጣት። ብዙ የተመለሰ ሥራ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ዌቭ (ድምፁ ያልተጨመቀበት)፣ 24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት ይሁን። ኦዳሲቲ የተባለው የቀረፃ ፕሮግራም ካልተነካ 16 ቢት ስለሚያወጣ መቀየር ያስፈልጋል። ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ፕሮጀክቱ የተቀረፀበት ይሁን፤ 44.1 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ 44.1፣ 48 ከሆነ 48። ከፍ ማድረግ የሚጨምረው ነገር የለም። በስልክ በ48 የተቀረፀ ድምፅ ሳይቀየር በ44.1 ከተነበበ ደግሞ ድምፁ በአንድ ተኩል ሰሚቶን ያህል ይወርዳል፣ የ4 ደቂቃ ዘፈንም ወደ 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይረዝማል፤ ክራሩ ከቅኝቱ የወጣ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። «ኖርማላይዝ» (ጫፉን በራሱ ከፍ የሚያደርገው) የሚለው ምልክት ይነሳ። ዲተር (ቢት ሲቀነስ የሚጨመር በጣም ዝቅተኛ ጫጫታ) ወደ 16 ቢት ሲወረድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ በመሆኑ ለባለሙያው ይተው። ከዘፈኑ በፊት 1 ወይም 2 ሰከንድ፣ ከመጨረሻው ኖታ በኋላ ደግሞ ሪቨርቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ይተው፤ ፌድ አውት (መጨረሻውን ቀስ በቀስ ማጥፋት) አይደረግ።

የ4 ደቂቃ ዘፈን በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት 69 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ኢንተርኔት ሲደክም ብዙዎች 10 ሜጋባይት የማይሞላውን ኤምፒስሪ መላክ ይቀናቸዋል፤ ለማስተሪንግ ፈጽሞ አይሆንም፣ የተጣለው ድምፅ አይመለስምና። በቴሌግራም ሲላክ «ፋይል» ተብሎ ይላክ።

ከዋናው ሚክስ ጋር ድምፃዊውን 1 ዴሲቤል ከፍ ያደረገ ሌላ ሚክስና የመሣሪያ ብቻ ቅጂ መላክ ትንሽ ድካም፣ ትልቅ ጥቅም ነው። ስቴም (የየመሣሪያው ወይም የየቡድኑ የተለየ ፋይል) ከተጠየቀ ሁሉም ከዜሮ ጀምረው እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ትክክል መሆናቸው እንዲህ ይፈተሻል፦ ስቴሞቹን ደርድሮ፣ ዋናውን ሚክስ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጦ አብሮ ማጫወት። ዝምታ ከሆነ ልክ ናቸው፤ ክራሩ ብቻ ከተሰማ የክራሩ ስቴም ተሳስቷል። ማስተሩ ላይ ኮምፕረሰር ካለ ፍጹም ዝምታ አይጠበቅም።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይያያዛል፤ የዘፈኑ ስም በትክክለኛ አጻጻፉ፣ ቋንቋው፣ ቅኝቱ፣ ሳምፕል ሬቱ፣ የማወዳደሪያ ዘፈኑ፣ የሚያሳስበው ቦታ በደቂቃና በሰከንድ። የፋይሉ ስም የዘፈኑን ስም፣ ቁጥርና ሳምፕል ሬት ይያዝ፤ «የመጨረሻው፣ እውነተኛው የመጨረሻው» የሚሉ ስሞች ክበባችን ውስጥ ተከልክለዋል።

ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገን ለሚክስ ክፍሉ ግድግዳ የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ምንጣፍ፣ ፕሮጀክቶቹን በሁለት ቦታ የምናስቀምጥበት አንድ ሃርድ ዲስክና ለሁለቱ ስፒከሮች ጠንካራ መቆሚያ ነው። ማበርከት የሚችሉ ወላጆች ለሚኒ ሚዲያ ክፍል ቢያሳውቁ እንቀበላለን። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ምዝገባ በመስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ እዚያው ክፍል ይካሄዳል፤ የራሳችሁን ሄድፎን ይዛችሁ ኑ።