ጉዳዩ፦ ከሦስት ቀን በላይ የቆዩ የዲስክ ስናፕሾቶችን ስለማንሳት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በሰርቨሮቻችን ላይ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) የምታሠሩ ደንበኞቻችን በሙሉ፣ የወሰዳችሁት ስናፕሾት (ማሽኑን በኋላ ወደ ነበረበት ሁኔታ ለመመለስ የሚያዝ የዲስክ ነጥብ) 72 ሰዓት ሲሞላው ማሳሰቢያ የምንልክላችሁ መሆኑንና በማግስቱ መልስ ካላገኘን ስናፕሾቱን ከዲስኩ ጋር አዋሕደን የምናነሳው መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። ገደቡን ከራሳችን አላመጣነውም፤ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር አምራቹ ቪኤምዌርም አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል።

ብዙዎቻችሁ ስናፕሾትን «ቅጂ» ትሉታላችሁ፤ ይሁን እንጂ ስናፕሾት ሲወሰድ ከዲስኩ የሚገለበጥ መረጃ የለም። ነባሩ የዲስክ ፋይል እንዳይጻፍበት ይቆለፍና ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ከጎኑ በሚከፈት የለውጥ ፋይል ላይ ይሰፍራል። በጥቂት ሰከንዶች የሚያልቀውም ለዚህ ነው። የለውጥ ፋይሉ ግን ማሽኑ በጻፈ ቁጥር ያድጋል፤ 200 ጊጋባይት ዲስክ ያለው ማሽን ስናፕሾቱ ከተረሳ ሌላ 200 ጊጋባይት ገደማ ሊይዝ ይችላል። ማከማቻው ከሞላ ደግሞ የሚቆመው የእናንተ ማሽን ብቻ ሳይሆን በዚያው ማከማቻ ላይ ያለው የጎረቤታችሁም ጭምር ነው።

ይህንን በራሳችን ጥፋት ተምረነዋል። የአንድ ደንበኛችን የሒሳብ ፕሮግራም ሊሻሻል ሲል «ከማሻሻያው በፊት» የሚል ስም ሰጥተን ስናፕሾት ወሰድን፤ ሥራው በሰላም አለቀ፤ ስናፕሾቱን ግን ያስታወሰ አልነበረም። ከወራት በኋላ ስናነሳው ውሕደቱ ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቶ ጠዋት ሠራተኞች ሲገቡም ስላላለቀ፣ አንድ ደረሰኝ ለመክፈት ደቂቃዎች መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

«አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ የምትፈሩ ደንበኞች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ፍርሃታችሁ ቢገባንም የተቀመጠው በተሳሳተው ቁልፍ ላይ ነው። ስናፕሾት ሲጠፋ በለውጥ ፋይሉ ላይ ያለው ሥራችሁ ወደ ዋናው ዲስክ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ሥራ የሚያጠፋው «መልስ» የሚለው ነው፤ ማሽኑን ስናፕሾቱ ወደተወሰደበት ሰዓት ስለሚመልሰው ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ሁሉ ይቀራል። በተለይ የዊንዶውስ ዶሜይን (ከአንድ ማዕከል የሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ) አባል የሆነ ማሽን ከዶሜይኑ ጋር የሚተዋወቅበትን የይለፍ ቃል በተለምዶ በየ30 ቀኑ ስለሚቀይር፣ ወደ ቆየ ስናፕሾት የተመለሰ ማሽን በዶሜይኑ ዘንድ እንደ ባዕድ ሊታይ ይችላል። ዶሜይኑን የሚያስተዳድረውን ሰርቨር፣ ማለትም ዶሜይን ኮንትሮለርን ግን ሳታማክሩን በፍጹም አትመልሱ።

ስናፕሾት ባክአፕ (ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ) አለመሆኑንም ደግመን እናሳስባለን፤ የለውጥ ፋይሉ ያለ ዋናው ዲስክ ምንም ስለማይፈይድ፣ ማከማቻው ሲበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ዳታቤዝ በሥራ ላይ እያለ ሳይዘጋጅ የተወሰደ ስናፕሾትም መብራት በድንገት እንደጠፋበት ማሽን ስለሆነ፣ ዳታቤዙ ሲነሳ ራሱን መጠገን ይኖርበታል።

ከሦስት ቀን በላይ የሚያስፈልጋችሁ ስናፕሾት ካለ ምክንያቱንና የሚነሳበትን ቀን ጽፋችሁ ላኩልን፤ እስከዚያው እናቆየዋለን። የዲስክ መጠን እንዲጨመርላችሁ ያመለከታችሁ ደንበኞችም ስናፕሾት ባለበት ዲስኩን ማሳደግ ስለማይቻል፣ አስቀድማችሁ ስናፕሾቱ እንዲነሳ ፈቃዳችሁን ስጡን።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል