የሳይንስ ክበብ፦ ብልጭታ ስንቆጥር የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ከአምፖል ጋር ነው የከረመው። ነገሩን የጀመረችው አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ የአምፖል ሥራው ማብራት ከሆነ ለምንድነው እጅ የሚያቃጥለው?» አለችኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ከምመልስላት ክበቡ አንድ ላይ ቢፈልገው ይሻላል አልኩ።

በድሮው አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ክር የምታበራው ስለምትግል ነው። ግለቷ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ከምትወስደው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሁን በድሮው ቦታ የምንጠቀመው አዲሱ አምፖል፣ ኤልኢዲ፣ ክር የለውም። ኤሌክትሪኩ በትንሽዬ ሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያሳልፍ ቁስ) ውስጥ ሲያልፍ እዚያው ብርሃን ይወጣል። ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ ግን መጀመሪያ ሰማያዊው ኤልኢዲ መገኘት ነበረበት። ይህን የሠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ አምፖልን እንደ ተራ ዕቃ ማየት አቆሙ።

ዓመቱን ያደመቀልን ግን ቆጣሪው ነው። ብዙ ዘመናዊ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ስንት ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ አጠገቧ ተጽፏል። የቤተ ሙከራችን ቆጣሪ 1,000 ይላል። ልጆቹ ራሳቸው አሰሉት፤ ባለ 60 ዋት አምፖል ብቻውን ሲበራ በየደቂቃው አንድ ብልጭታ መቁጠር አለብን። ሌላውን ሁሉ አጥፍተን፣ ሰዓት ይዘን፣ ቆጣሪው ላይ አፈጠጥን። ብልጭ። ስልሳ ሰከንድ ገደማ። ብልጭ! ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ከዚያ በዚያው ቦታ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አሰርን። ብልጭ አለች፤ ቀጥሎ ጸጥ። አንዱ «ተበላሽቷል» አለ፣ ሌላው ቆጣሪውን ሊነካ ሲል ከለከልኩት። ሁለተኛዋ ብልጭታ ስትመጣ ወደ ሰባት ደቂቃ አልፎ ነበር። ክፍሉ ግን ቅድም ከነበረው አልጨለመም። በስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ጸጥ ብሎ የጠበቀ ክፍል አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ የቤታቸው መብራቶች በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሚበሩ መዘገቡ። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በባለ 9 ዋት ቢቀየር በዓመት 93 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀየረው ብዙ የሚበራው ነው። በቀን አምስት ደቂቃ የሚበራ የዕቃ ቤት አምፖል እስኪቃጠል ቢቆይ ችግር የለውም።

አንድ ስህተት ሠርተናል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። «ዋቱ ያነሰውን ፈልጉ» ብቻ ብዬ ለቀቅኳቸው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ የአያቱን መኝታ ቤት ባለ 6,500 ኬልቪን አምፖል አደረገው። አያቱ «ዓይኔን ወጋኝ» ብለው የድሮውን አስመለሱ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑን በሙሉ ማንበብ ተማርን። ዋት የሚበላውን ይነግረናል፣ ሉመን የሚሰጠውን ብርሃን፣ ኬልቪን ደግሞ ቀለሙን። የድሮው 60 ዋት 800 ሉመን ገደማ ነው፤ 2,700 ኬልቪን የሚል ኤልኢዲ ደግሞ ሞቅ ያለውን ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ልጁ ይህን ይዞ ሲመለስ አያቱ ወደዱለት።

ጠምዛዛው ፍሎረሰንት አምፖል ገና ያላችሁ አደራ። ውስጡ ትንሽ ሜርኩሪ አለ። ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ውጡ፣ ስብርባሪውን በባዶ እጅ አታንሱ።

በወላጆች ቀን የብልጭታውን ሙከራ ደገምነው። አንዲት እናት ሁለተኛዋ እስክትመጣ ቆመው ጠበቁ። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የበራውን ኤልኢዲ በጣታቸው አስነካቻቸው። ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ከዚያ ራሷ ደግማ ነካችውና ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ታች በኩል ግን ይሞቃል። ለምን?» ለሚቀጥለው ዓመት ከዚህ እንጀምራለን ብለን በክበቡ ደብተር ላይ ጽፈነዋል።