የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ባለ 40 ፒኑና ባለ 7ቱ

«በፍላሽ ዘመን የዲቪዲ ማጫወቻ ምን ያደርግላችኋል?» የሚለውን ጥያቄ በመምህራን ክፍል ዓመቱን ሙሉ ስሰማው ከርሜያለሁ። መልሱ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ሙከራዎችን የያዙት ዲስኮች አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። አንዱ ተራ ዲቪዲ (ባለ አንድ ንብርብሩ) እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ያንን ያህል በግቢያችን ኢንተርኔት ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም። ኮምፒውተሮቹ ደህና ናቸው፤ የሞተው በውስጣቸው የተገጠመው የዲስክ ማጫወቻ ብቻ ነው።

የክበቡ ምርጫም ሦስት ኮምፒውተሮችን የመጠገን ዕቅዱም ጥቅምት ላይ አልቋል፤ ቃለ ጉባኤው ጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል።

ጥር ላይ ያዋጣነውን ገንዘብ ይዘን መርካቶ ወረድን። ባለሱቁ ያገለገለ ማጫወቻ አወጣልን፤ ዋጋውም ከኪሳችን ጋር ተስማማ። ልከፍል ስል፣ በስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዕቃውን ገልብጣ ጀርባውን አየች። «መምህር፣ ይህ እኮ ባለ 40 ፒኑ ነው። የእኛ ማዘርቦርድ የሚቀበለው ባለ 7ቱን ሳታ ነው» አለች። ባለ 40 ፒኑ የድሮው ሰፊ ገመድ መሰኪያ ነው፤ ሳታ የአዲሱ ጠባብ ገመድ መሰኪያ ነው፤ ማዘርቦርድ የምንለውም ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ነው። ባለሱቁ እየሳቀ «አስተማሪዋ እሷ ነች እንዴ?» ብሎ ሌላ አመጣ። አልተቀየምኩም።

ረቡዕ ዕለት የገጠመችውም እሷው ነች። ሶኬቱን ነቀለች፤ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ቀፎ) ብረት ነክታ በሰውነቷ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል አራገፈች፤ የፊቱን ክዳን አውጥታ ማጫወቻውን ከፊት በኩል ቀስ አድርጋ ገፋችው። አራት ብሎን አሰረች። ጠባቡን ገመድ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ሰፊውን ኃይል ከሚሰጠው ከፓወር ሰፕላዩ አገናኘች። ኮምፒውተሩን አብርታ ቁልፉን ስትጫን መሳቢያው ወጣ። ዲስኩ ገብቶ መሽከርከር ሲጀምር ሁላችንም ወደ ስክሪኑ አፈጠጥን፤ እሷ ግን ጆሮዋን ኬዙ ላይ ለጥፋ ድምፁን ታዳምጥ ነበር።

ከታቀዱት ሦስት ኮምፒውተሮች የተጠገኑት ሁለቱ ናቸው። በሦስተኛው ላይ የሃርድ ዲስክ ብሎን በግድ አስገብተን የማጫወቻውን የብሎን ቀዳዳ ጥርስ በላነው፤ ሁለቱን የብሎን ዓይነቶች ቀድሜ ስላልለየሁላቸው ጥፋቱ የእኔ ነው። ክበቡ ያለው ካቻቪቴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቤቴ የመጣ ነው። ዘንድሮ ለእግር ኳስ ክበብ ሁለት ኳስ ተገዝቷል፤ ደስ ብሎናል። አንድ ያገለገለ ማጫወቻ ግን ከአንዱ ኳስ ይረክሳል።

ቤቱ የተበላሸ ዴስክቶፕ ያለው ወላጅ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል። ብሎኖቹንም ጭምር እንፈልጋቸዋለን።