«ፎርማት ይደረግ» እስከ መቼ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከረማችሁ። የጽህፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ ጋዜጣችሁን ስራ ቀዝቀዝ ሲል ቁጭ ብዬ አነባታለሁ፣ ዛሬ ግን ብሶት ነው ያስጻፈኝ።

እነዚህ የኮምፒውተር ጥገና ልጆች ምን ነካቸው? ቫይረስ ገባ ስትላቸው ፎርማት (ዲስኩን ጠራርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን)፣ ቀሰስ አለብኝ ስትል ፎርማት፣ ድምፁ ጠፋ ስትል እሱም ፎርማት! ገና ሳያበሩት እኮ ነው። እኔም ብሆን አልዋሽም፣ በየስድስት ወሩ እንደ መኪና ዘይት ሳስደርገው የኖርኩ ሰው ነኝ። በዊንዶውስ 98 እና በኤክስፒ ጊዜስ ያስኬድ ነበር፣ የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ማሽኑ በቫይረስ ይጥለቀለቃላ። ግን በፈረንጆቹ 2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋይልህን ሳይነካ ሲስተሙን ብቻ የሚያድስ ነገር አብሮት አለ፣ እሱን ማን ይሞክር።

ባለፈው የሆነው ግን አንጀቴን ነው ያሳረረው። አንዱ የጥገና ልጅ ዊንዶውስ ያለበት የዲስኩ ክፍል ሲ ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ፋይልህ ያለበት ዲ አይነካም ብሎኝ ወሰደና ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍሎች) በሙሉ ዲሊት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጫነበት። የሰው መመረቂያ ጽሁፍ፣ ውል፣ የእድር መዝገብ፣ ሁሉም ሄደ። ፈጣኑ ፎርማት ለካ ማውጫውን (የፋይሎቹን ዝርዝር) ብቻ ነው የሚሰርዘው፣ ፋይሉ ከስር ይቆያል፣ እዛው ላይ ቢያቆም ኖሮ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ሪከቨሪ ሶፍትዌር ብዙው ይገኝ ነበር፣ እሱ ግን ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም ፊልሙንም (ፊልም ማን ጠየቀው?) ከላዩ ላይ ስለገለበጠበት የተገኘው ግማሽ አይሞላም። ከተገኘውም በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የጻፍኩት ፎንቱ አብሮ ስለጠፋ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆኖ ተከፈተልኝ።

የሚያስቀው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ቀሰስ አለ። ሌላ ልጅ ጋ ስወስደው ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰማና ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግበውን የስማርት ሪፖርት አውጥቶ አሳየኝ፣ ለካ ሃርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ኖሯል! ፈጣን ፎርማት ደግሞ የተበላሸ ሴክተር (የዲስኩ ቁራጭ ቦታ) አለ የለም ብሎ አይፈትሽም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀየረልኝ፣ አሁን ቡናዬን ሳልቀዳ ይከፈታል።

እባካችሁ የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለዚህ ነገር ጻፉልን፣ ልጆቹም ከመንካታቸው በፊት ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ) አለህ ወይ ብለው ይጠይቁ። የመመረቂያዋ ባለቤት ዛሬም ጠዋት መጥታ ነበር፣ ምዕራፍ 3 እና 4 አልተገኙም፣ ከወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ እየጻፍኩላት ነው፣ በነጻ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከመገናኛ