ጉዳዩ፦ ስለ ቅዳሜው የድጋሚ ተፈታኞች ክፍል

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? መጀመሪያ አጫጭሮቹን ላድርሳችሁ። የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ኅዳር 8 ይጀምራል። የስፖርት ልብስ ያልወሰዳችሁ ከስቶር ውሰዱ። የመንገድ ሥራው እስኪያልቅ ሰርቪሱ የሚቆመው ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ዜናው ይኸው ነው።

አሁን ደብዳቤውን ወዳጻፈኝ ነገር ልምጣ።

ማክሰኞ ዕለት 43 ፊርማ ያረፈበት ማመልከቻ በወላጅ ኮሚቴው በኩል ደረሰኝ። ማመልከቻው ጨዋ ነው፤ ለጨዋነቱ አመሰግናለሁ። ፍሬ ነገሩ ግን ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የሚያጠኑት የድጋሚ ተፈታኞች ከግቢው ይውጡልን የሚል ነው። ቃል በቃል «ይውጡልን» አይልም። «ሌላ አማራጭ ቢፈለግላቸው» ነው የሚለው። 19 ዓመት አማርኛ ስላስተማርኩ ሁለቱ አንድ መሆናቸው አልጠፋኝም።

እነማን እንደሆኑ ላስታውሳችሁ። 14 ልጆች ናቸው። ከሌላ ቦታ የመጡ አይደሉም። አሥሩ አምና፣ አራቱ ካቻምና እዚሁ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው፣ ብሔራዊ ፈተና ተፈትነው፣ 50 በመቶ ሳይሞላላቸው የቀሩ ናቸው። ዘንድሮ በግል ተመዝግበው እንደገና ሊፈተኑ ነው። ቅዳሜ ከ2፡30 እስከ 6፡30 ይመጣሉ፣ ያጠናሉ፣ ይሄዳሉ። ሁለት መምህራን ያግዟቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። 43 ሰው የሚያስፈርም ነገር ፈልጌ እስካሁን አላገኘሁም።

«ታዲያ ለምን ሬሜዲያል አልገቡም?» ትሉኝ ይሆናል። ሬሜዲያልም፣ 50 በመቶ ላልሞላላቸው ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ማለት ነው፣ መቁረጫ ነጥብ አለው እኮ። አሥራ አንዱ እዚያም አልደረሱም። ሦስቱ ደርሰው ነበር። አንዷ ከ600 281 ነው ያመጣችው። ተመድባም ነበር። ግን በዚያው ሰሞን እናቷ ሆስፒታል ተኛች፤ አጠገቧ ሌላ ሰው የለም። ጥላት አልሄደችም። ይህንን የምጽፈው እናትየውም ልጅቷም ፈቅደውልኝ ነው።

ወደ ማመልከቻው ልመለስ። አንደኛው ቅሬታ ስለ ኮምፒውተሮቹ ነው። «ለልጆቻችን በከፈልነው ገንዘብ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው» ይላል። ኮምፒውተሮቹ 24 ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆቻችሁ በፕሮግራማቸው ይጠቀሙባቸዋል። ቅዳሜ የልጆቻችሁ ቱቶሪያል ፎቅ ላይ፣ በራሳቸው ክፍል፣ በጥቁር ሰሌዳ ነው። ድሮ ቅዳሜ ያ ክፍል ተቆልፎ ነበር የሚውለው። ለእነዚህ ልጆች ሲባል ከወንበሩ የተነሳ አንድም ተማሪ የለም። የመብራቱና የጥበቃው ትርፍ ሰዓት የሚሸፈነው ከሻይ ቤቱ ኪራይ ነው፤ ከወርሃዊ ክፍያችሁ አምስት ሳንቲም አልወጣም። ደረሰኞቹ ቢሮዬ ናቸው። መጥታችሁ እዩ። እውነቴን ነው፣ ኑ። ቡናም አለ።

«ለምን የግድ በኮምፒውተር? ደብተራቸውን ይዘው ቤታቸው አያጠኑም?» የሚልም አይጠፋም። ከ2016 ጀምሮ ከተፈታኙ ከፊሉ የሚፈተነው በኮምፒውተር ነው። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀው ሰዓቱ ያልቅበታል። ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ደግሞ ቤቱ ኮምፒውተር የለውም። ሞባይል አለው፣ እሺ። የጂኦሜትሪ ጥያቄ በሞባይል ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ኪቦርዱም ተጽፏል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ኪቦርድ መጥቆሩ እውነት ነው። ያጠቆረው ልጅ በሳምንቱ ቀናት ጋራዥ ነው የሚውለው። ቅዳሜ ከመግባቱ በፊት ቧንቧው ጋ ቆሞ በኦሞ እጁን ሲፈትግ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጥፍሩ ሥር የገባው ግሪስ ግን በኦሞ አይለቅም። ቅሬታውን ያነበብኩ ዕለት ኪቦርዱን እኔ ራሴ በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልጁ ይህን ሳይሰማ አልቀረም መሰለኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ የፕላስቲክ ጓንት አድርጎ መጣ። በጓንት ሲተይብ ቆሜ አየሁት። አውልቀው አልኩት።

ሁለተኛው ቅሬታ «የወደቁ ልጆች የልጆቻችንን ሞራል ይነካሉ» ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ።

አምና በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ከ585 ሺህ የሚበልጡ ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ናቸው። የ2014ቱ 3.3 በመቶ ነበር። እንግዲህ አምና ብቻ ከ530 ሺህ በላይ ልጅ ያላለፈበት ፈተና ነው። ይህን ሁሉ ልጅ «መጥፎ ምሳሌ» ብለን የት ልንደብቀው ነው? ደግሞስ የእኛ ልጆች ዘንድሮ የሚቀመጡት ለዚሁ ፈተና አይደለም እንዴ?

አውቃለሁ። «የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው» ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ ጎበዝ ይሁንላችሁ። ግን ባለፈው ቅዳሜ የሁለቱንም ክፍል ስም መጥሪያ አየሁ። ቱቶሪያል ከተመዘገቡት 66 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጡት 41 ናቸው። ከ14ቱ ድጋሚ ተፈታኞች የመጡት 14 ናቸው። አንዱ ከጋራዥ፣ አንዷ ከእናቷ አልጋ ሥር ተነስተው። ሞራል የሚነካው የትኛው እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

በዚህ አጋጣሚ ጥፋታችንን ልናገር። መስከረም ላይ በሩ አናት ላይ ባነር ሰቅለናል። ከፍተኛ ውጤት ያመጡ የዘጠኝ ልጆች ፎቶ አለበት። ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ትምህርት ቤት ያደርገዋል፣ እናንተም ትወዱታላችሁ። 281 ያመጣችው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትገባው በዚያ ባነር ሥር ነበር። ከግራ ሁለተኛዋ አራት ዓመት አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታልፈው። መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ወላጅ እዚያው በር ላይ «አንቺ ዛሬም እዚህ ነሽ እንዴ?» አሏት። ክፋት አስበው አይመስለኝም። ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ልጅቷ ግን ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ደወልኩ፣ አታነሳም። እናቷ ጋ ደወልኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ በጓሮው በር መጣች፤ ዘበኛው አውቆ ከፍቶላታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ምሳሩን የያዘው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመስለናል።

ባነሩን ሰኞ አወርደዋለሁ። ለዚህም ማመልከቻ የሚጽፍ አይጠፋ ይሆናል። ይጻፍ።

ስለ ራሴ ልጽፍ አላሰብኩም ነበር። ግን ሰባት ደቂቃ የሚረዝም አንድ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም ደርሶኛል። «ዳይሬክተሯ መውደቅን እያበረታታች ነው» ይላል። ስለዚህ ይኸው። እኔ ማትሪክ ወድቄያለሁ። በ1986 ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም። ዘመዶቼ ተሰብስበው መጡና፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ «አይዞሽ፣ ለሴት ልጅ ምን ያደርጋል» አሉኝ። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ክቡር ዘበኛ ነበር። ብዙ አይናገርም። ያን ማታ ግን የሯጩን የማሞ ወልዴን ነገር አነሳ። አባቴ ስለ ማሞ ሲያወራ ከሜክሲኮ አይጀምርም። የሚጀምረው ከሜልቦርን ነው።

በ1949 ማሞ ሜልቦርን ሄዶ 800 እና 1500 ሜትር ሮጠ። ከማጣሪያው አላለፈም። በ1957 ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋርጦ ወጣ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አበበ ቢቂላ ነው፤ ስላቋረጠ ሰው ማን ያወራል? በ1961 ሜክሲኮ ላይ አበበ በጉዳት ሲወጣ ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ነው። ዕድሜው 36 ነበር። ከሜልቦርን 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አባቴ ይህን ተናግሮ ሲጨርስ በልቤ «እኔ ሯጭ ነኝ እንዴ?» አልኩ። 18 ዓመቴ ነበር፤ ተናድጄ ነበር። በማግስቱ ግን አዲስ ደብተር ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

የድሮ ትምህርት ቤቴ ዳይሬክተር የኋላ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ዓመቱን ሙሉ ከታናናሾቼ ጋር ተቀመጥኩ። ደግሜ ተፈተንኩ። አሁንም ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። መምህራን ማሰልጠኛ ግን ገባሁ። ገጠር ሄጄ አንደኛ ደረጃ አስተማርኩ። ዲግሪዬን በክረምት በክረምት ጨረስኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያርፍ ማለት ነው። ስለዚህ «እንዲህ አድርገው የት ሊደርሱ ነው?» ለምትሉ፣ ይህንን ደብዳቤ የፈረመችው ሰው አንድ መልስ ናት። ትልቅ መልስ ናት አልልም። ግን ወርሃዊ ክፍያ ስትጨምር የምትቆጧት እሷን ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ልሸኛችሁ አልፈልግም። ያችን እንቁላል ልጆቻችሁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጠግበዋታል። እንቁላሉ ሁልጊዜ እንደማይሄድም አውቃለሁ። አምና ቅዳሜ የሚመጡት 11 ነበሩ። አራቱ አለፉ። ሁለቱ ሬሜዲያል ገቡ። አምስቱ ምንም አልሆነላቸውም። አልደብቃችሁም፤ ለልጆቹም አልደብቅም። ከአምስቱ አንዱ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ እየተማረ ነው። እሰየው። የኮምፒውተር ክፍሉን የተቃጠለ ሶኬት የቀየረልን እሱ ነው፤ ዋጋም አልተቀበለም። ሁለተኛ ተፈትኖ ያላለፈ ልጅ፣ ሞክሮ ነው ያላለፈው። ሳይሞክር ቤት የተቀመጠውን ግን እኔ ከሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ አየዋለሁ። እናንተም ታዩታላችሁ።

«ትምህርት ቤቱ ለማስታወቂያ ነው የሚያደርገው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በግል የተፈተነ ልጅ ውጤት ለትምህርት ቤቱ አይቆጠርም። ቢያልፉም አያስመሰግነንም፣ ቢወድቁም አያስነቅፈንም።

«ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ከልጆቻችን ጋር ግቢ ውስጥ መዋላቸው ያሰጋል» ለሚለውም እንዲሁ። ትልቁ 20 ዓመቱ ነው። ጢም አለው፤ ጢም ማውጣት ጥፋት አይደለም። በር ላይ ፈርመው ይገባሉ፣ ፈርመው ይወጣሉ። እስካሁን በእነሱ ላይ አንድም ክስ አልመጣም። የ10ኛ ክፍል ወንዶች ወላጆች እዚህ ላይ ቢያልፉኝ ደስ ይለኛል።

በአንድ ነገር ግን ትክክል ናችሁ። ቅዳሜ የሚያግዘው የሒሳብ መምህር ሁለት ጊዜ የልጆቻችሁን ቱቶሪያል አርፍዶ ጀምሯል። አንዴ 15፣ አንዴ 20 ደቂቃ። ይህ የልጆቻችሁ ሰዓት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከነገ ጀምሮ ድጋሚ ተፈታኞቹን ሒሳብ የማግዘው ሌላ ሰው እስኪገኝ እኔ ነኝ። ሒሳቤ ከማትሪኬ ወዲህ ብዙ አልተሻሻለም። ቢያንስ ስም እጠራለሁ፣ መልስ እቆጣጠራለሁ።

ሌላም ልጨምር፣ ከዚያ አበቃሁ። ከ43ቱ ፈራሚዎች መካከል የሁለቱን ፊርማ ሳይ ጊዜ ወስዶብኛል። አምና መስከረም ላይ ቢሮዬ መጥተው፣ ለታላቅ ልጃቸው «እባክሽ አንድ ዕድል ስጪው» ብለው የለመኑኝ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ካለፉት አራት ውስጥ ናቸው። ስም አልጠራም። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ይለፉ። ግን ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ክፍሉ ይቀጥላል። ይህንን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ያውቃሉ። መወያየት የምትፈልጉ ሁሉ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ከጠዋቱ 3 ሰዓት አዳራሽ እንገናኝ። አዳራሹ የሚገኘው ከኮምፒውተር ክፍሉ ቀጥሎ ነው። በኮሪደሩ ስታልፉ እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በዚያ ሰዓት እያጠኑ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህርት