ተጫዋቾቹን ሌሎች የሚወስዱበት ቡድን እንዴት ዋንጫ ያነሣል?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

ስለ ሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁት። ስለዚህ ጨዋታ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊውን ላመሰግን እወዳለሁ። ሆኖም ስለ ዝቅተኛዎቹ ሊጎች ባነሣበት ክፍል፣ ዋንጫውን የሚወስደው የበላይ ክለቡ (በላይኛው ሊግ ያለው የተሳሰረበት ክለብ) ብዙ ጎበዝ ወጣቶችን የላከለት ቡድን ነው የሚል መንፈስ ያለው ድምዳሜ ላይ ደርሶ አልፏል። ይህን ውድድር ለዓመታት በቅርብ የተከታተልሁ አንባቢ እንደመሆኔ፣ ድምዳሜው የጉዳዩን ግማሽ እንኳ የማይነካ መስሎ ስለታየኝ የማውቀውን ለመጻፍ ተነሣሁ።

መዋቅሩን በአጭሩ ላስታውስ። ከላይ 32 ክለቦች ያሉት ናሽናል ሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) አለ። ከእርሱ ሥር እ.ኤ.አ. በ1936 የተጀመረውና ዛሬ እርሱም 32 ቡድኖች ያሉት አሜሪካን ሆኪ ሊግ ይገኛል፤ የዚህ ሊግ ዋንጫ የካልደር ዋንጫ ይባላል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ኢሲኤችኤል ይመጣል፤ የእርሱ ዋንጫ ደግሞ የኬሊ ዋንጫ ነው። በሁለቱም ሊጎች እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 72 ጨዋታ ያደርጋል። ከሥር ያሉት ቡድኖች ከላይኞቹ ጋር በስምምነት የተሳሰሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ባለቤት፣ የራሳቸው ትኬት ቆራጭ ተመልካችና የራሳቸው የዋንጫ ምኞት አላቸው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ቡድኑ የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ የሌላ ሰው ናቸው።

በእግር ኳስ አንድ አጥቂ ግብ ማግባት ከቀናው ቢያንስ የዝውውር መስኮት እስኪከፈት ድረስ በክለቡ ይቆያል። በዝቅተኛ ሊግ ሆኪ ግን ጥሩ የተጫወተ ሰው በማግስቱ ላይገኝ ይችላል። ኤንኤችኤል ላይ አንድ ተከላካይ ጉልበቱን ቢጎዳ፣ ከአሜሪካን ሆኪ ሊግ አንዱ ወደ ላይ ይጠራል፤ የእርሱን ቦታ ለመሙላት ከኢሲኤችኤል ሌላው ይጠራል፤ ኢሲኤችኤሉም በተራው ከእርሱ ዝቅ ካለ ሊግ ሰው ይፈልጋል። አንድ ጉልበት ሲጎዳ በሦስት ከተሞች ሻንጣ ይታሰራል ማለት ነው። በተለይ የኢሲኤችኤል ውል ያለው ተጫዋች ቡድኑ ከተሳሰረበት ክለብ ውጭ ወደሆነ የአሜሪካን ሆኪ ሊግ ቡድንም በውሰት ሊሄድ ስለሚችል፣ አሰልጣኙ ዓርብ ማታ ያሸነፈበትን አሰላለፍ ቅዳሜ ማታ ያገኘዋል ብሎ መተማመን አይችልም።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው። በእነዚህ ሊጎች ለዋንጫ የሚበቃ ስብስብ በጥቅምት ወር በወረቀት ላይ ያማረው አይደለም፤ በጥርና በየካቲት ሦስት አራት ምርጦቹ ሲወሰዱበት የማይፈርሰው ነው። ስለሆነም የቡድን ሠሪውን ችሎታ ለመመዘን ከተፈለገ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት አጥቂዎች ከማየት ይልቅ አሥራ አንደኛውንና አሥራ ሁለተኛውን ማየት ይሻላል።

በኢሲኤችኤል ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ነው። ቀን ያሠለጥናል፣ ማታ ስልክ ይደውላል። የሚከፍለው ደመወዝ በሳምንት የሚታሰብና በጣሪያ የተገደበ በመሆኑ ገንዘብ በማብዛት ብቻ ተፎካካሪውን ማሸነፍ አይችልም፤ የመኖሪያ ቤቱንም በውድድር ዘመኑ ሁሉም ቡድኖች ለተጫዋቾቻቸው ያቀርባሉ። ታዲያ አንድን ተጫዋች በምን ያባብለዋል? በመጫወቻ ጊዜ፣ በከተማው ኑሮ፣ ከሁሉም በላይ ግን ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ። እዚህ ላይ ጸሐፊያችሁ ያላነሣው አስገራሚ ነገር አለ። ተጫዋቾቹን ለራሱ ለማስቀረት የሚታገል አሰልጣኝ ለጊዜው ተጠቀመ ቢመስልም፣ ወሬው በተጫዋቾችና በወኪሎቻቸው ዘንድ ስለሚዳረስ በሚቀጥለው ዓመት የሚያናግረው አያገኝም። በተቃራኒው የራሱን ምርጥ አጥቂ ለላይኛው ሊግ አሰልጣኝ ደውሎ «ይህን ልጅ እየው» የሚል ሰው፣ ያን አጥቂ ቢያጣም በቀጣዩ ክረምት ከእርሱ የተሻሉ ሁለት ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ይመጡለታል። በዚህ ሥራ መስጠት የንፉግነት ተቃራኒ ብቻ ሳይሆን የግንባታ ዘዴም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የነባር ተጫዋቾች ደንብ ነው፤ በእኔ አስተያየት ዋንጫዎች የሚገኙትም የሚጠፉትም በአብዛኛው በዚህ ደንብ አጠቃቀም ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ኢሲኤችኤል ለአንድ ቡድን ከአራት የበለጡ ነባሮችን አይፈቅድም፤ ነባር የሚባለውም በመደበኛ ውድድር 260 የፕሮፌሽናል ጨዋታ የሞላ ነው። በአሜሪካን ሆኪ ሊግ ደግሞ ከግብ ጠባቂዎቹ ሌላ ከሚሰለፉት 18 ተጫዋቾች 13ቱ በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው፤ ከእነዚህም 12ቱ ከ260፣ አንዱ ከ320 ያልበለጠ ጨዋታ ያደረጉ መሆን ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ ያለ ገደብ የሚሰለፈው አንጋፋ አምስት ብቻ ነው።

ብዙ ሥራ አስኪያጆች እነዚህን ጥቂት ቦታዎች በግብ አግቢዎች ሲሞሉ አያለሁ፤ ተመልካች ስለሚወድዳቸው ነው። እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሆነው ፈጣን ልጅ ግብ ሊያገባ ይችላል፤ ሊሠራው የሚቸግረው ግን በሦስተኛውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ማብቂያ ዳኛው ከራሱ ግብ አጠገብ የሚጥለውን ፓክ (የጨዋታውን ጠፍጣፋ ጎማ) መቀማት፣ ተጫዋች በቅጣት ወጥቶ በጎደሎ ሲጫወቱ ቦታን አለመልቀቅ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ሲኖርና በመካከሉ በአውቶቡስ ሲታደር መልበሻ ክፍሉን ማረጋጋት ነው። ይህን የሚያውቁት አንጋፋ ማዕከላዊ አጥቂና አንጋፋ ተከላካይ ናቸው። ከዚህም የረቀቀ ዘዴ አለ። በአሜሪካን ሆኪ ሊግ ጨዋታው የሚቆጠረው በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ባለው ድምር በመሆኑ፣ በጥቅምት 250 ጨዋታ ይዞ የገባ ተጫዋች የአራት ዓመት ልምድ ይዞ ሳለ ዓመቱን ሙሉ በማደግ ላይ ካሉት ጋር ይቆጠራል። እንዲህ ያሉትን ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ዓመት የሰበሰበ ሥራ አስኪያጅ ደንቡን ሳይጥስ የነባር ቡድን ሠርቷል። በቀጣዩ ዓመት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ነባር ስለሚሆኑበት ቡድኑን መበተን ግድ ይሆንበታል። አንዳንድ ሻምፒዮኖች ለምን በዓመቱ ደብዛቸው እንደሚጠፋ ለሚጠይቅ ሰው ይህ አንዱ መልስ ነው።

የነባር ደንቡ የማይነካው ግብ ጠባቂውን ነው። ፍጻሜው ከ7 ጨዋታ 4 ባሸነፈ በሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ደግሞ የግብ ጠባቂን ያህል ውጤት የሚለውጥ ሰው የለም። ካም ጆንሰን ለኢሲኤችኤሉ ፍሎሪዳ ኤቨርብሌድስ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 የጥሎ ማለፉ ኮከብ ሆኖ ተመርጧል። በ2023 የካልደር ዋንጫ ኮከብ የሆነው የኸርሺ ቤርስ ግብ ጠባቂ ሀንተር ሼፐርድ ነበር፤ በ2025 የአቦትስፎርድ ካናክስ አርቱርስ ሺሎቭስ ተመረጠ። የሼፐርድ ታሪክ ለክርክሬ በተለይ ይጠቅማል። ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚወስዱበት በኤንኤችኤል ምርጫ ማንም ክለብ ስሙን አልጠራም፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ከኸርሺ ጋር ተፈራረመ፣ በኢሲኤችኤል በሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስ ተፈተነ፣ ከዚያ በኋላ ነው የዋንጫ ግብ ጠባቂ የሆነው። የበላይ ክለብ የላከው ዕንቁ ሳይሆን ቡድኑ ራሱ ከታች ፈልጎ ያበሰለው ሰው ነበር።

አሁን ወደ ኢሲኤችኤል 2022–23 ልመለስ፤ ጸሐፊያችሁ ይህን ዓመት ቢያስታውስ ኖሮ ድምዳሜውን ያለዝበው ነበር ብዬ አምናለሁ። አይዳሆ ስቲልኸድስ በዚያ ዓመት ከ72 ጨዋታ 58 አሸንፎ 119 ነጥብ ሰበሰበ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። በፍጻሜው የገጠመው ፍሎሪዳ ኤቨርብሌድስ በራሱ ምድብ እንኳ አንደኛ አልነበረም። ፍሎሪዳ በጨዋታዎች ብዛት 4 ለ 0 አሸነፈ። ያ ቡድን በ2022፣ በ2023 እና በ2024 የኬሊ ዋንጫን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያነሣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዋንጫ መካከል የተሳሰረበትን የኤንኤችኤል ክለብ ለውጦ ከፍሎሪዳ ፓንተርስ ጋር አዲስ ስምምነት ገብቶ ነበር። የሚልኩለት ሰዎች ተለወጡ፣ ዋንጫው ግን አልተለወጠም። ያልተለወጡት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የነበረው አሰልጣኝ ብራድ ራልፍ፣ ግብ ጠባቂውና ከዓመት ዓመት ተመልሰው የሚመጡ ጥቂት ነባሮች ናቸው። በርግጥ የፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻም ድርሻ አለው፤ የብርዱን ወራት በቁምጣ የሚያሳልፍበትን ከተማ ትቶ በረዶ ወደሚጠረግበት ለመሄድ የሚቸኩል አንጋፋ ብዙ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ ነገር መቀበል አለብኝ። አንድ እርከን ከፍ ባለው አሜሪካን ሆኪ ሊግ የበላይ ክለቡ እጅ ይበልጥ ከባድ ነው። ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋንጫውን ሲደግም የጥሎ ማለፉ ኮከብ ሄንድሪክስ ላፒየር፣ የኸርሺ የበላይ ክለብ ዋሽንግተን ካፒታልስ በ2020 በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ወጣት ነበር። ይህን መካድ አልችልም። ነገር ግን በ2023 ፍጻሜ ኸርሺ በኮቼላ ቫሊ ፋየርበርድስ ሁለቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች 5 ለ 0 እና 4 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ተመልሶ እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ሲደርስ፣ በጭማሪ ሰዓት የዋንጫዋን ግብ ያገባው የሠላሳ ዓመቱ ማይክ ቬኪዮኒ ነበር፤ እርሱም በምርጫ ያልተጠራ ሰው ነው። ኸርሺ የራሱ ባለቤት ያለው ቡድን ስለሆነ ከዋሽንግተን የሚመጡትን ወጣቶች ብቻ ሳይጠብቅ በራሱ ውል እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያስፈርማል። ወጣቱ ግብ የሚያገባበትን ቡድን አንጋፋው ያቆምለታል፤ የአንዱ ዋጋ ያለሌላው አይታይም።

በመጨረሻ የወቅቱን ማብቂያ ልጥቀስ፤ የስብስብ ግንባታ እዚያ ላይ ነው ሰብአዊ የሚሆነው። መጋቢት ሲገባ የዩኒቨርሲቲ ውድድራቸውን የጨረሱ ልጆች በሙከራ ውል ይመጣሉ። የኤንኤችኤል የዝውውር ቀነ ገደብ በሚያበቃበት ዕለት ስማቸው በታችኛው ቡድን መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ተጫዋቾች በካልደር ዋንጫ ጥሎ ማለፍ በአብዛኛው መጫወት ስለማይችሉ፣ ክለቦች አንዳንድ ወጣቶችን ለዚያች ቀን ብቻ በወረቀት ወደ ታች አውርደው ወዲያው ይመልሷቸው ነበር። ከዚያ የበላይ ክለቡ ከውድድር ሲወጣ እነዚህ ልጆች ይወርዳሉ፣ አሰልጣኙም ድንገት ትርፍ ሰው ይኖረዋል። ማንን ያስቀምጥ? ሌሎች በተጠሩበት በጥር ወር ድርብ ሥራ የሠራውን ወይስ ትናንት የደረሰውን ባለ ተሰጥኦ? ከላይ ትእዛዝ ሊኖር ይችላል። እኔ ያየኋቸው ጥሩ አሰልጣኞች ቢያንስ በመጀመሪያው ዙር በጥር ወር ለደከመው ሰው ታምነዋል፤ ቀሪው መልበሻ ክፍልም ያንን አይቶ ተጫውቷል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የእነዚህን ሊጎች የደረጃ ሰንጠረዥ ስታትሙ፣ ከነጥቡ ጎን ቡድኑ በዓመቱ ስንት ተጫዋቾች ወደ ላይ እንደተጠሩበት የሚያሳይ አንድ ዓምድ ብትጨምሩልን። መረጃው በየሊጎቹ የዝውውር መዝገብ በየቀኑ ይወጣል፤ ለጸሐፊያችሁም ብዙ ድካም አይሆንበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ